ያለ እጄ የሚሄድ ቅድ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት ዝናብ። ጃንጥላዬ ቢሮ ነው የቀረው፤ እሱን ለማምጣት ደግሞ ጃንጥላ ያስፈልጋል። በቃ እንዲህ ያለ ቀን።

ስብሰባ ነበር። አለቃችን (እኔና የግዢ ክፍሏ ልጅ በሌለበት «አቶ እናየዋለን» የምንለው) ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ጀመረ። ሆስፒታሉ ለሃያ አራት አልጋ የነርስ መጥሪያ ይፈልጋል። በሽተኛው ቁልፉን ሲጫን ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ መብራት የሚበራ። የጨረታው ማመልከቻ የሚዘጋው በ28 ነው። የኔ ቦርድ፣ እኔ የነደፍኩት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ይግባ ወይስ ካታሎግ ላይ ያለው ዝግጁ ዕቃ?

«የኛው ይግባ» አልኩ።

«እናየዋለን።»

ከዚያ ግን ነገሩን ቆረጠው። እስከ 27 ድረስ ቦርዴን አምርቶና ገጥሞ ከሚያስረክብ ፋብሪካ የተጻፈ ዋጋ ካመጣሁ የኔ ይገባል። ካላመጣሁ ዝግጁው።

ዲግሪው ፈገግ አለ። ዲግሪው ማለት የአለቃችን ሚስት ወንድም ነው። ከአራት ወር በፊት ሲመጣ፣ ኮቱን ሳይሰቅል ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ስሙ እዚያው ወጣለት። ዝግጁውን ዕቃ ከካታሎጉ የመረጠው እሱ ነው።

«የእጅ ሥራና ፋብሪካ ለየቅል ናቸው እህቴ» አለኝ። «ብየዳ የቻለ ሁሉ ማስመረት አይችልም።»

እህቴ! የትኛዋ እናቱ ናት የወለደችኝ?

አዎ፣ ሙያዬን የለመድኩት ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ነው። አዎ፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ግን አሥራ አንድ ቦርድ በገዛ እጄ ገጥሜአለሁ። ጠረጴዛዬ ሥር በብስኩት ካርቶን ተደርድረዋል። አንድም ያልበራ የለም። አንድም!

ቤት ስገባ አባዬ ኩባያውን የአልጋው ብረት ላይ ያንኳኳል። ኳ ኳ ኳ። ውሃ ፈልጎ ነው። አምና ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የአልጋው ደወል ሽቦ የተበጠሰ ነበር። ከቀትር ጀምሮ እስከ ጠያቂ መግቢያ ሰዓት ያቺን የቆርቆሮ ኩባያ ሲያንኳኳ ቆየ። ስደርስ ከንፈሩ ደርቋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ «ክላክሴ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቦርዱ የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ፋይሎቹን መለየት ጀመርኩ። ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ሥዕል ነው፣ ቀይና ሰማያዊ፣ የሚያምር። ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ግን ተፈታትቶ ነው። የላይኛው መዳብ ለብቻው። የታችኛው ለብቻው። ቀዳዳዎቹ ለብቻቸው። የዕቃው ዝርዝር ለብቻው። የትኛው ዕቃ የት ይቀመጣል፣ ፊቱንስ ወዴት ያዞራል የሚለው ደግሞ ሌላ ፋይል። ቤት መቀየር በሉት። ሁሉም በየሻንጣው ይገባል፣ ዋናው ነገር ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

(በሉት? ለማን ነው የምጽፈው? ለራሴ። በይው።)

ዲግሪው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ምን ያደክምሻል? ዋናውን ፋይል እንዳለ ላኪላቸው። እኛ የነበርንበት ቦታ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚያስተካክሉት።»

«የሚያስተካክሉት እንደመሰላቸው ነው።»

«ካንቺ ያውቃሉ።»

«ማሽናቸውን ያውቃሉ። ቦርዱን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሄደ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ወደ ፋይሎቼ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ተላከ! ለአራት ፋብሪካ። የግዢዋ ደብዳቤዎቹን ጽፋ፣ ፋይሎቹን በአንድ ዚፕ አያይዛ፣ የመላኪያውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ጣቷን እፍ አለችበት። እንደ ቁማር ዳይስ።

ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ብስኩት አወጣችና ወሬ ያዝን። ዲግሪው ሁለት ስልክ ይዞ እንደሚዞር አስተውለሻል? አስተውያለሁ። ሁለቱም ጮኸው እንደማያውቁስ?

ሞትን በሳቅ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የመጀመሪያው መልስ መጣ። አንዲት መስመር።

«ሰላም ለናንተ። ቦርዳችሁ ላይ ቀዳዳ የለም ወይ?»

የቀዳዳዎቹን ፋይል ረስቼዋለሁ። ሚስማሩ ላይ የቀረው እሱ ነው። አራት ቀን ሙሉ አራት ፋብሪካ ፊት ያለ ቀዳዳ ቆሜ ነበር... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ማን እንደነገረው እንጃ፤ ዲግሪው ሻይ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ፣ «እሰይ! ያለ ቀዳዳ ወንፊት ሠራችልን!» አለ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። የሳሎን ሰዓት ሊያስጠግን የመጣ አንድ ደንበኛ ሳይቀር ሳቀ። እሱን ምን አገባው?

«ወንፊቱ ከምሳ በፊት ይደርሳል» አልኩት። «አንተ ዱቄቱን ይዘህ ጠብቅ።»

ሳቁ ወደሱ ዞረ። ፋይሉን ለአራቱም ላክሁ። ከምሳ በፊት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሁለቱ ፋብሪካዎች፣ «ለሃያ አራት ቦርድ ማሽን አናስነሳም» አሉ። ሦስተኛው ዝም። የቀረችኝ ያቺ ቀዳዳ ጠያቂዋ ናት። ዛሬ ደግሞ አሥራ አራት ጥያቄ ላከች። አሥራ አራት!

ውፍረቱ ስንት ነው? ቀለሙስ? አንድ ሬዚስተር ዝርዝሩ ላይ አለ፣ የቦታ ፋይሉ ላይ ግን የለም፤ እንግጠመው ወይስ ይቅር? የሰሌዳው ጠርዝ የቱ ነው፣ የውጪው መስመር ወይስ የውስጡ?

ዲግሪው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እኮ በጨዋ ቋንቋ አንፈልግም ማለት ነው።»

«ላያገባት የመጣ ሰው ስለ ዘመዶቿ አይጠይቅም» አልኩት።

አቶ እናየዋለን ሰምቶ ሳል መሰል ነገር አወጣ። ሳቅ ይሆን?

አሥራ ሦስቱን መለስኩ። አሥራ አራተኛዋ ላይ ግን ቆምኩ። እንዲህ ትላለች፦ «ከእርስዎ ሌላ፣ በእነዚህ ወረቀቶች ብቻ ተመርቶ ቦርዱን የገጠመ ሰው አለ?»

የለም። ለምን ይኖራል? እኔ እያለሁ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አክስቴ ጋ ወረድኩ። የአባዬ እህት ናት፤ ምድር ቤት ልብስ ትሰፋለች። መተኮሻዋን ገለል አደረግሁና ባዶ ቦርድ፣ የዕቃ ከረጢት፣ ወረንጦ፣ በትልቁ የታተመውን ሥዕል ዘረጋሁላት።

«ምንድን ነው ይሄ? ትንኝ ልታስለቅሚኝ ነው?»

«ወረቀቱ ያለሽን ብቻ አድርጊ አክስቴ። እኔን አትጠይቂኝ። እኔ የለሁም።»

«የለችም አሉ! ሬሳዋ ተናገረ።» መነጽሯን አጠለቀች። «መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስከት አርባ ዓመቴ ነው፤ ይሄማ ጨዋታ ነው።»

እውነትም ጨዋታ ሆነላት። ቁጥሩን ከዝርዝሩ ታያለች፣ ዕቃውን ከከረጢቱ ታወጣለች፣ ቦታው ላይ ታስቀምጣለች። ምላሴን ነክሼ አያለሁ። ግማሽ ሰዓት... አንድም አልሳተችም። ልቤ ማበጥ ጀመረ።

ከዚያ ኤልኢዲዋ ላይ ደረሰች። ትንሿ መብራት ላይ፣ የነገሩ ሁሉ ባለቤት ላይ። ኤልኢዲ በአንድ ወገኗ አረንጓዴ ነጥብ አላት፤ ሥዕሉም ላይ ነጥብ አለ። አክስቴ ነጥቡን ከነጥቡ አገናኝታ አስቀመጠች።

«ኧረ እሷን አዙሪያት» አልኩ።

«የለሁም ብለሽ አልነበር?»

«እሷ ብቻ በግልባጩ ናት የምትገባው።»

«የት ተጽፏል?»

ወረቀቱን አየሁ። እንደገና አየሁ። ነጥቡ ያለው በተሳሳተው ወገን ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥዕሉ የተሳሳተ ነው። እኔ አሥራ አንዱንም ቦርድ ስገጥም፣ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ወረንጦዬን ገልበጥ አደርጋለሁ። ሳላስበው። ጥርስ እንደ መፋቅ። እጄ ስለሚያውቀው ጭንቅላቴ ረሳው። ማሽን ግን የኔ እጅ የለውም። ሃያ አራት አልጋ፣ ሃያ አራት ቁልፍ፣ አንድም የሚበራ መብራት የለም።

ቁጭ አልኩ። የተሰፋ ሱሪ ላይ ነው የተቀመጥኩት መሰለኝ፤ አልተቆጣችም። ፊቴን አይታ ይሆናል።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለች መነጽሯን አውልቃ። «ወጣት ሳለሁ ለሌላ ሰፊ የኮት ቅድ፣ የመቁረጫ ወረቀቱን፣ ሸጬ ነበር። የኮቱን ቀኝ ትከሻ ሁሌ ጣት ያህል አጥብቤ ነበር የምቀደው፤ ስሰፋ ግን በእጄ ለቀቅ አደርገዋለሁ። ቅዱ ሄደ፤ እጄ ቤት ቀረ። ስድስት ኮት ተሰፍቶ ስድስቱም ጎበጡ። ቅድ ስትልኪ እጅሽን አብረሽ አትልኪም። እጅሽ የሚያውቀውን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ማስፈር አለብሽ።»

«ማን ቀጣሽ ታዲያ?»

«ጎባጣ የለበሱት ስድስቱ። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ትከሻቸውን ያነሱብኛል።»

እሑድ፣ የካቲት 16

ማንም አያውቅም። እኔና አክስቴ ብቻ። ዋጋው በዚህ ስሕተት አይለወጥም፤ ኤልኢዲ በቀኝም ዞረች በግራ ሒሳቡ ያው ነው። ዝም ብል፣ ዋጋው ቢመጣ፣ በኋላ ቀስ ብዬ ባስተካክለው...

ብናገርስ? ዲግሪው በገዛ ምላሴ ይቀብረኛል። የወንፊቱ ሳቅ ገና አላለቀም።

አባዬ ኩባያውን አንኳኳ። ውሃ አይደለም የፈለገው፤ «ዛሬ ፊትሽ ለምን ጠቆረ?» ሊለኝ ነው። ምንም አልኩት። «እኔ ፍሬን እንቢ ሲለኝ ለተሳፋሪ እናገር ነበር» አለ። «ያኔ ሁሉም ብረቱን ይይዛል።»

ይሄ ሽማግሌ ግድግዳ አልፎ ነው እንዴ የሚሰማው?

ሰኞ፣ የካቲት 17

ተናገርኩ። ስብሰባ ላይ፣ ቆሜ።

«የላክነው ሥዕል ላይ ስሕተት አለ። ኤልኢዲዋ ተገልብጣለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያገኘሁትም እኔ ነኝ፤ ማለቴ... እኔና አክስቴ።»

ዲግሪው ወንበሩ ላይ ተቃና። «አላልኩም? አላልኩም ወይ? በእጅ የለመደ ሰው...»

«ብለሃል» አልኩት። «ልክም ነህ። በእጅ የለመደ ሰው እጁን ያምናል፤ ወድቄበታለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተን ዝግጁ ዕቃ ከፍተህ ውስጡን አይተሃል?»

«ካታሎጉ ላይ ሁሉም...»

«ካታሎጉን አላልኩም። ቢበላሽ እዚህ ማን ይከፍተዋል? የትኛው ዕቃ ነው የሚቀየረው? የኔን ስሕተት እኔ አግኝቼ ዛሬውኑ አርሜዋለሁ። ያንተን ስሕተት ማን ነው የሚያገኘው? አልጋው ላይ የተኛው ሰውዬ?»

የግዢዋ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። በጣም ያማል፤ የፍቅር ነው።

አቶ እናየዋለን እስክሪብቶውን ዘጋ፣ ከፈተ። «ብታነሺው አይሻልም? ለዚህ ዙር ዝግጁው ይግባ። ላንቺም ዕረፍት ነው።»

«አላነሳም።»

«እንዴት?»

«እስከ 27 ብለውኛል። ቀጠሮዬ እሱ ነው። በ27 ባዶ እጄን ከመጣሁ ካታሎጉን ራሴ አትምልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማንም አያስነሳኝም፤ እርስዎም ቢሆኑ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለአለቃ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

«እናየዋለን» አለ።

ከሰዓት በኋላ ለፋብሪካዋ ጻፍኩ፦ የቀድሞው ተሰርዟል። ሁለተኛው ዕትም ይኸው። ስሕተቱ ይሄ ነበር። አሥራ አራተኛ ጥያቄያችሁም መልስ አግኝቷል፤ አዎ፣ ከኔ ሌላ የገጠመ ሰው አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዲግሪው መጣ፣ በለስላሳ ድምፅ። ሥዕሉ ጥግ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ «ያዘጋጀው» እና «ያረጋገጠው»። ሁለተኛው ባዶ ነው።

«የኔን ስም አስገቢበት። ዲግሪ ያለው ሰው ሲያረጋግጥ ፋብሪካ ያከብራል።»

«አረጋግጠሃል?»

«አሁን አየዋለሁ።»

«ሌላ ሰው ቀድሞሃል።»

አክስቴን አስገባኋት። ሙሉ ስሟን። ሙያ፦ ልብስ ሰፊ። ይሄንኑ ቅጂ ላክሁ፤ አንዱንም አትሜ ሻይ ክፍል ለጠፍኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ዝም። ፋብሪካዋ ምን ሆነች? በልብስ ሰፊዋ ተቀየሙ ይሆን? ቢቀየሙም አልሰርዝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ጠዋት ደረስኩ፤ ዲግሪው የዝግጁውን ዕቃ ገጽ አሳትሞ፣ በፕላስቲክ አድርጎ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። እንዴት ያብረቀርቃል! ዓይን ይወጋል።

አራት ሰዓት፣ የለም። ስድስት ሰዓት፣ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ አለቃው በሬ ላይ ብቅ አለና ሰዓቱን አይቶ ተመለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የግዢዋ ስትጮህ ተሰማ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ስሮጥ ጫማዬ ወለቀ፤ በአንድ እግር ደረስኩ።

ዋጋው ተያይዟል። የሰሌዳው ለብቻ፣ የመግጠሙ ለብቻ፣ የማስረከቢያው ቀን። ሥሩ ላይ አንዲት መስመር፦

«ሁሉም ግልጽ ነው። ጥያቄ የለንም።»

ጥያቄ የለንም! ከአሥራ አራት ወደ ዜሮ። ፊቴ ላይ የሚወርደው ላብ ነው ብያለሁ፤ የግዢዋም ላብ ነው ብላ መሰከረችልኝ።

አትሜ ወሰድኩ። የሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። ከላዩ።

አለቃው ሁለቴ አነበበው። «ይግባ» አለ። እናየዋለን አላለም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ገባ። ማኅተሙን ራሴ መታሁት፤ ትንሽ ጠመመ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ሰነፍኩ... አይደለም፣ ሥራ በዝቶ ነው።

ሆስፒታሉ ናሙና ጠየቀ። አምስት ቦርድ ከፋብሪካ መጣ። የማላውቀው ማሽን የገጠመው፣ የማላውቀው ሰው ያሸገው። ሐሙስ ወደ ሕሙማን ክፍሉ ስንሄድ መበየጃዬን ቢሮ ጥዬው ሄድኩ። ሆን ብዬ። ወረንጦ እንኳ አልያዝኩም። የግዢዋ «አብደሻል ወይ?» አለችኝ። ምናልባት።

ዋና ነርሷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ጠረጴዛው ላይ መብራቷ በራች። አምስቱም በሩ። ማንም ምንም አላዞረም።

አለቃችን ኮሪደሩ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ነበር። «አየነው» አለ። የግዢዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ግድግዳ ዞረች። ደብዳቤው ትናንት መጣ፦ ሃያ አራቱም አልጋ የኛ ነው።

ዲግሪው? ትናንት ከሰዓት የራሱን ሥዕል ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። የበር ደወል ነው፤ ደህና ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እ... ለአክስትሽ የሚመጣው ቅዳሜ ይመቻታል?»

«ወረፋ አለ» አልኩት። ከዚያ አሳዘነኝና አስያዝኩለት። እህቴ ስላላለኝ ነው።

አሥራ አንዱ አሮጌ ቦርዶች አሁንም ብስኩት ካርቶን ውስጥ ናቸው። ካርቶኑ ላይ ጻፍኩበት፦ «ኤልኢዲዋ ትዙር»። ዱሮ ቢሆን ምን ያስጽፈኝ ነበር? አሁን እጄ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ጠርጥሬ እጽፈዋለሁ።

ከአምስቱ ናሙናዎች አንዱን ዛሬ ጠዋት ቤት ተከልኩት። ቁልፉ አባዬ አልጋ ጋ፣ መብራቷ ምድር ቤት የአክስቴ መስፊያ ላይ። አባዬ ተጫነው። ጆሮውን ቀሰረ።

«አይጮህም እንዴ?»

«መብራት ነው አባዬ። ታች ይበራል።»

«እንግዲያው ክላክስ አይደለማ። ፍሬቻ ነው።» ደጋግሞ ተጫነው፣ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።

አክስቴ ከታች ጮኸች፦ «ኧረ አንቺ! አባትሽ ሊታጠፍ ነው፣ መንገድ ልቀቁለት!»

ይሄን ስጽፍ አጠገቡ ነኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ኩባያዋ እጁ ላይ ናት፣ ሻይ እየጠጣባት ነው።